ለልምምድ የሚከፍል የለም

«ደሴ ላይ ለኪነ ጥበብ ብር የለም» ይባላል። ግማሹ እውነት ነው። ለመድረክ ሲሆን ግን ብር አይጠፋም። በዓል ሲደርስ፣ እንግዳ ሲመጣ፣ ባዛር ሲከፈት ድንኳን ይተከላል፣ ስፒከር ይከራያል፣ ባነር ይታተማል፣ ቲሸርት ይታደላል። ለምሳና ለታሸገ ውሃም ይመደባል። ዘፋኞቹና ተወዛዋዦቹም ትንሽ ነገር ትደርሳቸዋለች። የማይገኘው ከዚያ በፊት ላሉት ወራት የሚሆን ብር ነው። መለማመጃ ክፍል ለመከራየት፣ የተበጠሰ ክር ለመቀየር፣ ከኮምቦልቻ ለሚመጣው ከበሮ መቺ የታክሲ፣ ለሻይ። ለዚህ የሚከፍል የለም።

እኔ የጥበብ ሰው አይደለሁም። ብዘፍን ጎረቤት ይከሰኛል። አስተማሪ ነኝ። ላፕቶፕ አለኝ፣ እንግሊዝኛ እጽፋለሁ። በእነዚህ በሁለቱ ምክንያት ብቻ ባለፉት ዓመታት የሰፈሩ ፕሮፖዛል ጸሐፊ ሆኜ ቀርቻለሁ። የቲያትር ክበብ፣ የባህል ቡድን፣ ሰዓሊ፣ ማሲንቆ ተጫዋች፣ ራፕ የሚሞክሩ የፒያሳ ልጆች፣ ሁሉም «ቲቸር፣ አንድ ነገር አግኝተናል» እያሉ ስልካቸውን ያሳዩኛል። ስልኩ ላይ የሆነ የውጭ አገር ፋውንዴሽን ማስታወቂያ አለ። ቀነ ገደቡ ብዙ ጊዜ ነገ ነው።

ማስታወቂያው ሲነበብ ደስ ይላል። «አነስተኛ ድጋፍ ለአገር በቀል አርቲስቶች» ይላል። ከዚያ ፎርሙ ይከፈታል። የድርጅቱ የምዝገባ ሰርተፊኬት፣ በድርጅቱ ስም የተከፈተ የባንክ ሒሳብ፣ ያለፉት ዓመታት የኦዲት ሪፖርት፣ የቦርድ አባላት ዝርዝር፣ በሠንጠረዥ የተቀመጠ የውጤት መለኪያ። ሦስት ወጣቶችና አንድ ክራር ናቸው እኮ። ኦዲት የሚደረግ ነገር ቢኖራቸው መቼ ይለምኑ ነበር?

አንድ ጊዜ ማሲንቆ የሚጫወቱ አዛውንት ይዘው መጡልኝ። የልጅ ልጃቸው ነው ማስታወቂያውን ያየው። ፎርሙን እያነበብኩ እየተረጎምኩ እጠይቃቸዋለሁ። «ጋሼ፣ ከዚህ ፕሮጀክት የሚጠበቀው ለውጥ ምንድን ነው ይላል» አልኳቸው። ትንሽ አሰቡ። «ልጄ፣ ምን ለውጥ አለው? እንደ ድሮው እንድጫወት ነው የምፈልገው» አሉኝ። ከዚህ የተሻለ መልስ እስከ ዛሬ አልሰማሁም። ግን በሳጥኑ ውስጥ ሊጻፍ አይችልም። ገንዘብ ሰጪ የሚከፍለው ለለውጥ ነዋ። ስለዚህ እኔ ቁጭ ብዬ ስለ ወጣቶች አቅም ግንባታ፣ ስለ ሴቶች ተሳትፎና ስለ ማኅበረሰብ ትስስር አንድ ገጽ ሙሉ ጻፍኩ። እርሳቸው ቡናቸውን ጠጥተው «አብሽር፣ ይበቃል» ብለውኝ ሄዱ። ገንዘቡ አልመጣም።

የማዝነው በመከልከላቸው ብቻ አይደለም። እንዲህ ያለ ውድድር የሚለየው ደህና የሚጽፈውን ነው፤ ደህና የሚጫወተውን የሚያይበት ዓይን የለውም። አዲስ አበባ ውስጥ ፕሮፖዛል መጻፍን መተዳደሪያ ያደረጉ ሰዎች አሉ፤ አልከፋባቸውም፣ ሥራ ነው። ደሴ ያለው ቡድን ግን ከእነሱ ጋር በአንድ ረድፍ ሲሰለፍ ውጤቱ ቀድሞ ይታወቃል።

ሁሉንም በአንድ ሙቀጫ ልውቀጥ አልልም። በዓለም ላይ ያለው ድጋፍ ዓይነቱ ብዙ ነው። ዩኔስኮ በፈረንጆቹ 2005 በወጣው የባህል ብዝኃነት ስምምነት ሥር አንድ ፈንድ አለው፤ ለአንድ ፕሮጀክት እስከ 100 ሺህ ዶላር ይሰጣል። ኢትዮጵያም ስምምነቱን በ2008 በፈረንጆቹ አቆጣጠር አጽድቃለች። ይህ ግን ጽሕፈት ቤትና ሒሳብ ሠራተኛ ላለው ድርጅት የተሰፋ ልብስ ነው። በሌላ በኩል የኔዘርላንዱ ፕሪንስ ክላውስ ፈንድ ከፈረንጆቹ 2021 ጀምሮ በየዓመቱ ለመቶ ጀማሪ አርቲስቶች ለእያንዳንዳቸው 5 ሺህ ዩሮ ይሰጣል። ለግለሰብ ነው፤ አርቲስቱ በራሱ መንገድ ሥራውን እንዲያሳድግበት ነው። ይኼኛው ልቤን ይነካዋል። ነገር ግን ከዓለም ዙሪያ መቶ ሰው ሲመረጥ፣ ለደሴው የሆጤ ሰፈር ልጅ የሚደርሰው ዕድል ምን ያህል እንደሆነ ገምቱ። የአፍሪካ ኅብረትም አገሮች ከበጀታቸው ቢያንስ 1 በመቶውን ለባህልና ለኪነ ጥበብ ይመድቡ የሚለውን ሐሳብ ይዞ የፈረንጆቹን 2030 እየጠበቀ ነው። እንጠብቅ እንግዲህ።

አሁን ወደ ልምምዱ ልመለስ፤ ዋናው ነገር እዚያ ነውና።

ወሎ በዜማ ድሃ ሆኖ አያውቅም። ከአገራችን ሙዚቃ አራት ዋና ዋና ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ ስማቸው የወሎ ቦታ ስም ነው። ትዝታና አንቺ ሆዬም ሲነሱ ወሎ አብሮ ይነሳል። መንዙማው አለ፤ በመውሊድና በሐድራ ሌሊቱን ሙሉ የሚዘለቀው። ይህ ሁሉ ሀብት ከሰማይ የወረደ የሚመስለው ሰው አለ። «ወሎ ላይ ድንጋይ ብትፈነቅል ዘፋኝ ይወጣል» እየተባለ ይቀለዳል። ቀልዱ ጥሩ ነው፤ ችግሩ ባለሥልጣኑም አመነው። በራሱ የሚበቅል ነገር ከሆነ ማን ውሃ ያጠጣዋል?

በደርግ ዘመን ደሴ ላይ የወሎ ላሊበላ ኪነት ቡድን ነበር። እነ ድምፃዊት ማሪቱ ለገሰን ያየንበት ቡድን ነው። ያን ጊዜ የደረሱ የከተማችን ሰዎች ስለ ድምፃቸው፣ ስለ እስክስታው፣ ስለ አልባሳቱ ያወራሉ። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነገር ነው። ቡድኑ የመንግሥት ነበር፤ ጠዋት ገብቶ መለማመድ የአባላቱ ሥራ ነበር። አንድን ዘፈን ደጋግመው፣ ሰልችቷቸው፣ እንደገና ጀምረው ነው መድረክ ላይ ያን ያህል ያማረው። እርግጥ ነው፣ የታዘዙትንም ዘፍነዋል። አብዮቱን አወድሱ ሲባሉ አወድሰዋል። ደሞዝ የሚከፍል ሰው ዜማ መምረጥ ያምረዋል፤ ይህ በንጉሥ ሚካኤል አዳራሽም፣ በደርግ ቢሮም፣ በፋውንዴሽን ፎርምም ያው ነው። ሆኖም ዛሬ የምንኮራበት ጥራት የተገኘው ለልምምድ ሰዓት ከተከፈለ ገንዘብ ነው። ይህን ክፍሉን ዘልለን «የጥንቱ ሙዚቃ ቀረ» እያልን እናለቅሳለን።

ዛሬ የማውቃቸው ቡድኖች እንዴት እንደሚለማመዱ ልንገራችሁ። ቀን ሁሉም ሥራ ላይ ነው። አንዱ ባጃጅ ይነዳል፣ አንዷ ሱቅ ትሸጣለች፣ አንዱ ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ይሠራል። የሚገናኙት አመሻሽ ላይ ነው። የትምህርት ቤት ክፍል የሚለምኑት ዘበኛውን አስፈቅደው ነው። መብራት ከጠፋ የስልክ ባትሪ ያበራሉ። የጦሳ ተራራ ብርድ የክራሩን ክር ያላላዋል ይላሉ፤ እኔ ግን ጣታቸው ነው የደነዘዘው ባይ ነኝ። ከሁሉ የሚከፋው የኮምቦልቻው ከበሮ መቺ ጉዳይ ነው። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ግን ሽቅብ ነው፣ ጠመዝማዛ ነው፣ ሲመሽ ታክሲ ይጠፋል። በሳምንት ሁለት ቀን ደርሶ መልስ ሲደመር ከሚያገኘው ላይ የሚታይ ገንዘብ ይወስድበታል። ለአንድ ሰው ታክሲ ሲባል የሚፈርስ ቡድን አይቻለሁ። ከበሮ መቺው ቀረ፣ ያለ ከበሮ ውዝዋዜው ቀረ፣ ከዚያ ሁሉም ቀረ።

አስቡት፤ ያንን ቡድን ለማቆየት የሚያስፈልገው ገንዘብ ለአንድ ባዛር ባነር ከሚወጣው ያንሳል።

ታዲያ ለምን ማንም አይሰጥም? ልምምድ ፎቶ የለውማ። ገንዘብ የሰጠ ሰው የሚያሳየው ነገር ይፈልጋል። አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ፣ ከኋላ አርማው። ጨለማ ክፍል ውስጥ አንዱን ስንኝ ለሃያኛ ጊዜ የሚዘፍን ልጅ ለሪፖርት አይመችም። ይህን በክፋት አላየውም፤ ሰጪውም በላዩ የሚጠይቀው ሌላ ሰጪ አለው።

በፎርሞቹ ላይ የምጠላው አንድ ጥያቄ አለ። «ድጋፉ ሲያበቃ ሥራው በራሱ እንዴት ይቀጥላል?» ይላል። ዘላቂነት ይሉታል። ለጉድጓድ ውሃ ጥሩ ጥያቄ ነው። ለሙዚቃ ቡድን ግን መልሱ ብዙ ጊዜ «አይቀጥልም» ነው፤ እውነቱን ከጻፍክ ደግሞ ትወድቃለህ።

ለምን እንደማይቀጥል ሁለት የአሜሪካ የምጣኔ ሀብት ሰዎች፣ ዊልያም ባውሞልና ዊልያም ቦወን፣ በ1960ዎቹ በፈረንጆቹ አስረድተዋል። እኔ ሐሳባቸውን ኮምቦልቻ ላይ አድርጌ ነው የማየው። በደርግ ጊዜ የተተከለው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አለ፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክም አለ። አዲስ ማሽን በመጣ ቁጥር አንድ ሠራተኛ በሰዓት የሚያወጣው ጨርቅ ወይም ልብስ ይጨምራል። ስለዚህ ደሞዝ ቢጨምርም ፋብሪካው ይችለዋል። አሁን ወደ አምባሰል እንምጣ። አንድ የአምባሰል ዜማ የዛሬ ሃምሳ ዓመት የሚወስደውን ያህል ደቂቃ ዛሬም ይወስዳል። አንድ ማሲንቆ፣ አንድ ሰው። ማሽን ገብቶ በግማሽ ሰዓት ሃያ አምባሰል አያወጣም። ቢያወጣም ማን ይሰማዋል? የሰውዬው ጤፍና የቤት ኪራይ ግን እንደ ሌላው ሁሉ ይወደዳል። በሌላው ሥራ ወጪው በማሽን ሲካካስ በኪነ ጥበቡ ምንም አይካካስም። ስለዚህ በትኬት ብቻ የሚኖር ቡድን በየዓመቱ እየከበደው ይሄዳል፤ የሰነፈው ግን እሱ አይደለም። በዓለም ላይ ያሉ ትልልቅ ኦርኬስትራዎችና ቲያትር ቤቶችም ከመንግሥት፣ ከከተማ ወይም ከለጋሽ ድጎማ ነው የሚኖሩት። ታዲያ ቪየና ያልተጠየቀውን «በራስህ ቁም» ደሴ ላይ ያለ ክራር ተጫዋች ለምን ይጠየቃል?

ተረጋጋሁ። ወደ ደረሰኝ ልሂድ፤ እሱም የራሱ ቲያትር ነው።

ከሰኞ ገበያ ከበሮ የገዛ ሰው ደረሰኝ ከየት ያመጣል? ከበሮ ሠሪው ቆዳውን ከሚያውቀው ሰው ይገዛል፣ ይወጥራል፣ ይሸጣል፣ ብሩን ኪሱ ይከታል። ቲን ቁጥር የለውም፣ የሽያጭ ማሽን የለውም። የማሲንቆ ደጋን የፈረስ ጭራ የሚቀይረው ሰውም እንዲሁ። ደጋፊው ድርጅት ግን ለእያንዳንዱ ብር ማስረጃ ይፈልጋል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ደግሞ ቲን ቁጥር ለሌለው ሰው ከተወሰነ መጠን በላይ ሲከፈል 30 በመቶ ለግብር ተቀንሶ ይያዝ ይላል። ሕጉ ለነጋዴ ነው የታሰበው። ሲደርስ ግን አንድ ምሽት ተጫውቶ ከሚያገኘው ላይ ወደ ሲሶ የሚጠጋውን የሚያጣው አዝማሪ ላይ ያርፋል። ስለዚህ ቡድኖቹ ምን ያደርጋሉ? ደረሰኝ ያለው ነገር ይገዛሉ። ወረቀት፣ እስክሪብቶ፣ ባነር፣ ቲሸርት፣ የሆቴል አዳራሽ ከነምሳው። እና ወደ መነሻችን ተመለስን፤ ከተማው በቲሸርት የሞላው ለዚህ ነው። ቤቴ ውስጥ ያሉት የፌስቲቫል ቲሸርቶች ለሁለት ትውልድ ፒጃማ ይሆናሉ።

ሌላም ነገር አለ፤ እዚህ አገር የኖረ ሁሉ የሚያውቀው። በጥቅምት 2014 መጨረሻ ላይ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ደረሰ፤ እስከ ኅዳር መጨረሻ ቆየ። ደሴ ሙዚየም ተዘረፈ። የማውቀው አንድ ቡድን ኪቦርዱንም ስፒከሩንም አጣ። ከዚያ በኋላ የመጣው እርዳታ ለዱቄት፣ ለጣሪያ፣ ለመድኃኒት ነበር። ትክክል ነበር፤ ማንም አልተቃወመም። ግን ለኪቦርድ ተራው ሳይደርስ ሌላ ነገር መጣ። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋረጠ። በኢንተርኔት ብቻ የሚሞላ ፎርም፣ በኢንተርኔት ብቻ የሚደረግ ቃለ መጠይቅ እንዴት ይሁን? ዋይፋይ ያለው ቢሮ ዘመድ ያለው ሰው ሞላ። ሌላው አለፈው። አንድ ፈንድ ላይ ችግራችንን ጽፈን ልከን የመጣልን መልስ፣ በጨዋ እንግሊዝኛ፣ ቀነ ገደቡ ለሁሉም እኩል ነው የሚል ነበር።

ከዚያ ሐምሌ 2016 መጣ። ብር በገበያ ይወሰን ተባለ። ከዚያ በፊት በባንክ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከመቶ አለፈ። በዶላር ድጋፍ የያዘ ሰው ለጊዜው ሳቀ። በብር ቃል የተገባለት ግን ሰኔ ላይ የሠራው በጀት ለመስከረም አልበቃውም። የሰዓሊ ቀለም ከውጭ ነው የሚመጣው። ሸራው፣ የክራር ናይለን ክር፣ የማይክራፎን ገመድ፣ ሁሉም ከውጭ። የማውቃት አንዲት ሰዓሊ የሥራዎቿን መጠን በግማሽ ቀነሰች። ኤግዚቢሽኑ ላይ አንድ ተናጋሪ ተነስቶ ስለ «ጥቃቅን ቅርጾች ውበት» አስረዳ። እሷ ከኋላ ሆና ትስቃለች።

ሲደክመኝ ጊዜ ሌሎች አገሮች እንዴት ያደርጋሉ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። ሁለት ነገር አገኘሁ። በ2009 በፈረንጆቹ አሜሪካ ቦስተን ውስጥ ኦሰም ፋውንዴሽን የሚባል ነገር ተጀመረ። አሠራሩ እንዲህ ነው። አሥር ሰው በየወሩ መቶ መቶ ዶላር ያዋጣል። አንድ ሺህ ይሆናል። ሐሳባቸውን ካቀረቡት መካከል አንዱን መርጠው ይሰጡታል። ሪፖርት የለም፣ ደረሰኝ የለም፣ ድርሻ አይጠይቁም። ቀጥሎ በ2010 ዲትሮይት ከተማ ሾርባ የሚበላበት ምሽት ተጀመረ። ሰዉ በሩ ላይ 5 ዶላር ይከፍል፣ ሾርባ ይበላ፣ አራት ሰው ሐሳቡን ያቀርብ፣ ተመጋቢው ድምፅ ይሰጥ ነበር። ያሸነፈው የበሩን ገንዘብ ይዞ ይሄድ ነበር።

ይህን ለጓደኞቼ ሳነብላቸው ሁሉም አንድ ነገር አሉ። «ዕቁብ ነዋ!» ዕቁብ ነው፤ ዕጣው ከማኅበሩ ውጭ ላለ ሰው የሚወጣ ዕቁብ። ዕቁብ ለማያውቅ ሰው ቦስተን ላይ አዲስ ነገር ሊሆን ይችላል። እኛማ ዳኛውንም፣ ጸሐፊውንም፣ ያልከፈለ እንዴት እንደሚለመንም እናውቃለን።

እንዲህ ነው የጀመርነው። ስም አላወጣንለትም፤ ስም ሲወጣ ማኅተም ይመጣል፣ ማኅተም ሲመጣ ቢሮ ይመጣል። አስተማሪዎች፣ አንዲት ፋርማሲስት፣ አንድ ልብስ ሰፊ፣ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ሒሳብ የምትሠራ ልጅ፣ አዲስ አበባ የገባ የድሮ የወይዘሮ ስህን ትምህርት ቤት ጓደኛችን። ወር በወር ትንሽ ትንሽ እናዋጣለን። ማመልከቻው በቴሌግራም የሚላክ የድምፅ መልእክት ነው፣ በአማርኛ። ማን እንደሆንክ፣ ምን እንደምትሠራ፣ ብሩ ለምን እንደሚሆንህ። ከአምስት ደቂቃ ከበለጠ አንሰማም፤ ይህችን ደንብ ያመጣችው ፋርማሲስቷ ናት፣ ፈጣሪ ይስጣት። መልስ በሳምንት ውስጥ ይሰጣል። ደረሰኝ አንጠይቅም። የምንጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልምምድ ላይ ወይም ሥራ ላይ ሆነህ መጥተን እንድናይህ ጥራን።

የተሰጠው ገንዘብ ትንሽ ነው። ለአንድ ሰርግ ቪዲዮ የሚከፈለውን እንኳ አይሞላም። የሄደበት ግን ልብ የሚያሞቅ ነው። ለማሲንቆ ጭራና ለአዲስ ደጋን። ለአንድ የቲያትር ክበብ የሦስት ወር የክፍል ኪራይ። ለኮምቦልቻው ከበሮ መቺ ታክሲ፤ ቡድኑ እንደገና ተሰበሰበ። መንዙማ ለሚያወጡ እናቶች የድምፅ መቅረጫ። እነዚህ እናቶች ራሳቸውን አርቲስት ብለው አያውቁም፤ በየትኛውም ፎርም ላይ የሚገቡበት ሳጥን የለም። የድምፅ መልእክታቸውን የላከችልን የአንዷ ልጅ ናት። ዱዓ ከፊትም ከኋላም ነበረበት፤ አምስት ደቂቃውን አልፏል። ዝም አልን።

አንዱ ሰዓሊ ለቀለም ብሎ ወስዶ የቤት ኪራይ ከፈለበት። በግልጽ ነገረን። ያን ዕለት ማኅበሩ ሊፈርስ ነበር። ግማሾቹ «ይህ ማጭበርበር ነው» አሉ። ልብስ ሰፊው ጓደኛችን ብቻ ነው ሳይቆጣ የተናገረው፤ «ቤቱን ካስለቀቁት የት ሆኖ ነው የሚቀባው?» አለ። እኔም ከሱ ጋር ነኝ። አርቲስት ስቱዲዮ ከመኖሩ በፊት አልጋ ያስፈልገዋል። በሦስተኛው ወር ሰዓሊው ጠራን፤ ሄደን አየን። ሥዕሎቹ ጥሩ ናቸው ወይስ አይደሉም የሚለውን እዚህ አልከራከርም፤ እዚያው ላይ ተከራክረናል።

ይህን ለሌላ ሰው ሳወራ የሚመጣው ተቃውሞ ይታወቃል። «ትንሽ ከተማ ነው፣ ለዘመዳችሁ ትሰጣላችሁ» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ ደሴ ላይ ዘመድ ያልሆነ ሰው ማግኘት ራሱ ሥራ ነው። መፍትሔያችን ቀላል ነው፤ ዘመዱ ወይም ተማሪው ያመለከተበት ሰው በዚያ ወር ድምፅ አይሰጥም። እኔ ብዙ ወር ድምፅ ሳልሰጥ አልፌያለሁ፤ ከተማው ተማሪዬ ነውና። ሌላው ተቃውሞ «ትንሽ ትንሽ መበተን ምን ይጠቅማል፣ አንድ ትልቅ ነገር ሥሩ» የሚል ነው። ትልቅ ነገር ያስፈልጋል፤ በደንብ የተሠራ የመለማመጃ ቤት፣ መሣሪያ የሚከራይበት ቦታ፣ የከተማ በጀት ውስጥ በየዓመቱ የማይጠፋ መስመር። እሱ የመንግሥትና የትልልቅ ድርጅቶች ድርሻ ነው፤ አሥር ሰው ሊተካው አይችልም። እኛ የምንችለው እሱ እስኪመጣ ድረስ ከበሮ መቺው እንዳይቀር ነው።

ትልልቆቹ ግን ከእኛ ሊወስዱት የሚችሉት ነገር አለ፤ ገንዘብም አያስወጣቸውም። ለትንሽ ብር ትንሽ ፎርም ይኑር። በአማርኛ ይሁን፣ በድምፅ ይሁን። ለ50 ሺህ ብርና ለ5 ሚሊዮን ብር አንድ ዓይነት ኦዲት መጠየቅ ጥንቃቄ አይደለም፣ ስንፍና ነው። ከበጀቱ ላይ የልምምድ ሰዓት እንደ ሥራ ሰዓት ይቆጠር። ደረሰኝ በማይገኝበት ቦታ ሦስት ሰው የፈረመበት የግዥ ማረጋገጫ ይበቃል፤ ገጠር የሚሠሩ ድርጅቶች በሬ ሲገዙ እንዲያ አይደል የሚያደርጉት? ለበሬ የበቃ ለከበሮ አያንስም። ቆዳው እንደሆነ ያው ነው።

አሁን ያለንበት ክርክር ደግሞ ይህ ነው። አንድ የከተማችን ነጋዴ ስለ ዕቁባችን ሰምቶ በየወሩ እኛ ሁላችን ከምናዋጣው በላይ ልስጣችሁ አለ። ደግ ሰው ነው፣ እናውቀዋለን። የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ብሩን የሚወስዱት ልጆች የሱቁን ስም የያዘ ቲሸርት ለብሰው ፎቶ እንዲነሱ። የኮምቦልቻዋ ሒሳብ ሠራተኛ «ይልበሷ፣ ምን አለበት፣ ብሩ ለሁለት ቡድን ይበቃል» ባይ ናት። ፋርማሲስቷ አልወሰነችም። እኔ አይሆንም ብያለሁ፤ ቢያንስ መንዙማ የሚያወጡትን እናቶች ቲሸርት አላስለብስም። ሰፊው ጓደኛችን ደግሞ ቲሸርቱን ማን ነው የሚሰፋው ብሎ ጠይቋል። ነጋዴው መልስ እየጠበቀ ነው፤ ሁለት ጊዜ ደውሎልኛል።